አርማ

ስድስት ሰከንድ ናት። ፊልሙ ሳይጀመር፣
ሰው በስልኩ መብራት ወንበሩን ሲቆጥር፣
ቆሎ ሲካፈሉ፣ እናት ልጅ ስታስቀምጥ፣
ጃርቷ ብቅ ትላለች፣ እሾኋ ሲንቀጠቀጥ።
ዞር ብላ ታያለች፤ ታነጥሳለች፤ ታልፋለች፤
ስማችንን በእሾህ ጽፋ ትጠፋለች።

የመጀመሪያዋን ባንቺአምላክ ናት የሣለች፣
ማርቆስ፣ ከወፍጮ ቤት ላይ ተከራይታ ሳለች።
ልየው ካሜራውን በጀሪካን አቁሞ፣
«ልየው» ይላል ሁሌ፣ ከስሙ ጋር ገጥሞ።
እኔ ወረቀቱን ቆጣሪ፤ ሰባ ሁለት፤
አሥራ ሰባተኛው ሻይ የተደፋበት።
ታች ወፍጮው ሲያጓራ፣ ጤፍ ሲፈጭ፣ በቆሎ፣
ጠረጴዛው ይርዳል፣ እስክሪብቶው ተከትሎ።
መስመር ቀጥ አይልም፤ እጇም አልገታው፤
ልየው፣ «ጃርትስ አይደል፣ ጃርት የበላው ዱባ ነው።»

ቡሬ ስናሳያት ግን፣ በትምህርት ቤት ግድግዳ፣
አንዲት ሕፃን አለቀሰች፦ «በረዳት! ጋቢ ስጧት ለእንግዳ!»
እኛም የወፍጮውን ነገር ለማንም አልተናገርን፤
«ጥበብ ነው» ብለው ሲያደንቁ፣ ዝም ብለን ተመሰገንን።

እናቷ ከሉማሜ የጎመን ዘር ይዘው መጥተው
(ጤፍ አራሚ ናቸው፤ ወገባቸው የጎበጠው)
ቲሸርቷ ላይ አዩና፦ «ጃርት? ድንቼን የጨረሰችው?
ለዚህች ሌባ ነወይ፣ ልጄ፣ ስምሽን ያወረስሽው?»

ሁለተኛዋ ቀለም ለበሰች፤ ጊዜው ነበረ፤
ሦስተኛዋ ጥላ አበጀች፣ እሾኋም እንደ መስታወት አበረ።
ልየው አዲስ ኮምፒውተር ገዝቶ ሦስት ሺህ እሾህ ተከለላት፤
ማሽኑ ሲያምጣት አድሮ፣ ንጋት ላይ መብራት ጠፋባት።
ለአራተኛዋ ከጀርባ ብርሃን ለቀቅን፣ ከበሮም ጨመርንላት፤
የሠርግ ሚኒባስ መሰለች እንጂ የዱር ነፍስ አልቀረላት።

ኋላ ሳሙና አስተዋውቀን፣ ኪስ ትንሽ ሞላ መሰል፣
ከባንኩ ፎቅ ወጣን፤ ጠረጴዛው እንደ ድንጋይ ቁጭ የሚል።
መስመሯ ቀና። ጸዳ። እሾኋ እንደ ወታደር ቆመ።
ሞታለች። ማንም አላለም። ሁሉም ግን ውስጡን ታመመ።
ልየው ማሽኑን አዘዘው፦ «መንቀጥቀጥ፣ ሁለት በመቶ።»
ተንቀጠቀጠች፤ ግን እኩል፤ እንደ ስልክ፣ ኪስ ውስጥ ገብቶ።

ባንቺአምላክ ምንም አላለች። ክረምቱን ሙሉ ተቀመጠች፤
በቀን አንድ እሾህ እያየች፣ እየነቀለች፣ እየመረጠች።
ብርሃኑ ወጣ። ጥላው ወጣ። ሦስት ሺው መቶ ሆነ።
መቶው አሥር። ልየው ተቆጣ፦ «ይህ ገንዘብ ነበር፤ ባከነ!»

እናቷ ከበሩ ቆመው፣ በስክሪኑ ሲያዩ እጇን፣
«ይህማ የኔ ሥራ ነው፤ ማን አስተማረብኝ ልጄን?»
ከዚያ ወዲህ «ልጄ አርማ ሠራች» ይላሉ ለጎረቤት፤
ጎረቤትም ጤፍ መስሎት ይጠይቃል፦ «ስንት ቃዳ? በማን መሬት?»

ሦስት እሾህ ቀረ። ቅዳሜ፣ ወረቀቷን በከረጢት አዝላ፣
ወደ ድሮው ወፍጮ ቤት ወረደች፤ ወረፋ ያዘች ከሴቶቹ ኋላ።
ካሴ ወፍጮኛው ሳያውቃት፣ «ምንድን ነው፣ ስንዴ ወይስ ጤፍ?»
«መስመር» አለች። ቦታ ሰጣት፣ ከሚዛኑ ጎን፣ በጥግ፣ በጫፍ።
ሰባ ሁለት ወረቀት። ድንጋዩ ሲዞር እጇን አልያዘችም፤
ሦስቱ እሾህ ተንቀጠቀጡ፤ አንዱ አንዱን አይመስልም።
(ሴቶቹ ግብር መዝጋቢ መስላቸው ዝም አሉ።)

ዞር አትልም አሁን፤ አታነጥስም፤ ትቆማለች፤
ሦስት እሾህ፣ አንድ ዓይን፣ ጨለማ፤ ትንፋሿን ትሰበስባለች።
አሥራ ሰባተኛው ላይ ዱቄት አርፏል፤ አልጠረግንም።
ልየውም የሦስት ሺ እሾሁን ፋይል እስከ ዛሬ አላጠፋም።